የእማዬ ጠማማ ሽንሽን

ጥቅምት 4
ቀኑን ሙሉ የሶፋ ትራስ ስሰፋ ዋልኩ። አንዷ ደንበኛ «ቀለሙ ፎቶው ላይ ሌላ ነበር» ብላ ነዘነዘችኝ። የራሷ ፎቶ፣ የራሷ ምርጫ... እኔ ምን አገባኝ? ወገቤ ተቆረጠ።

ጥቅምት 6
ወንድሜ መጣ! ጋሼ! እማዬን ከቀበርን ወዲህ ደጄን ረግጦ አያውቅም። ለቅሶው ላይ፣ ሰው ፊት፣ «ሙዚቃህ ከእናትህ በለጠብህ» ብዬዋለሁ። ስትታመም አልነበረማ።
ዛሬ ያንን አሮጌ የጊታር አምፕሊፋየሩን ታቅፎ በሩ ላይ ቆመ። ሣጥኑን ያለበሰችለት እማዬ ናት፤ ቀይ ሌዘር፣ አናቱና ጎኑ ላይ ውስጡ የተሞላ ወፍራም ወፍራም ሽንሽን። በዚያች የቤት ስፌት መኪናዋ፣ እየተራገመች ነበር የሰፋችው።
«ማዕዘኑ ተቀዷል። እሱን ብቻ ጠግኚልኝ፣ አንቺ ቁንጥንጥ» አለኝ። ሻይ ጠጥቶ ሄደ። ለቅሶውን አላነሳም። እኔም ማንሳቱን ፈራሁ።

ጥቅምት 8
ማዕዘኑን ብቻ ልነካ ነበር። ግን ሽንሽኑ... አናቱ ላይ መሃለኛው ወደ ግራ ጠሟል። አንዱ አብጧል፣ አንዱ ሰርጉዷል። እጄን በላኝ።
ባሌ አየኝና «ማዕዘኑን ነው ያለሽ። አንቺ ደግሞ ሁሉንም ሙሽራ ካላደረግሽ አይሆንልሽም» አለ። ዝም በል አልኩት። ይቅርታ ከአፌ አይወጣ፣ እጄ ይጠይቅልኝ እንጂ!
ተረተርኩት። ከውስጡ ስፖንጅ መሰለኝ የሚወጣው፤ ብጭቅጫቂ ጨርቅ! የጋሼ የትምህርት ቤት ሱሪ፣ የኔ ባለ አበባ ቀሚስ... እማዬ ስፖንጅ ከየት ታምጣ! ብቻዬን ሳቅኩ። ጠራርጌ ከአሮጌው ሌዘር ጋር ጣልኩት።

ጥቅምት 11
አለቀ። አዲሱ ሽንሽን በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። እንዲህ አሳምሬ ሰፍቼ አላውቅም። ነገ አይቶ ምን ይል ይሆን?

ጥቅምት 12
መጣ። መዳፉን በአምፕሊፋየሩ አናት ላይ አሳለፈ። ደገመው። የሆነ ነገር የጠፋበት ይመስል...
«እጅሽ ይባረክ» አለ። ቆይቶ፣ «የእማዬስ?»
«አሮጌው? ትናንት የቆሻሻ መኪና ወሰደው።»
ወንበር ስቦ ተቀመጠ።
«ያቺ ጠማማዋ... በየዘፈኑ መሃል እጄን የማሳርፈው እሷ ላይ ነበር። ስትታመም አልነበርኩም። እናቴን የምነካው በዚያች ነበር።»
አልጮኸም። ምነው በጮኸ! ምነው አንድ ጥፊ ባቀመሰኝ!

ጥቅምት 13
ገንዳው ድረስ ሄጄ ፈለግኩ። ባዶ። ባሌ እንኳ «ብዬሽ ነበር» አላለኝም። አዘነልኝ መሰለኝ።

ጥቅምት 15
በቁራጭ ሌዘር ሞከርኩ። ያችኑ ጠማማዋን ልመልስለት። እጄ እምቢ አለ፤ ቀጥ እያለ አስቸገረኝ። በግድ ሳጣምመው ደግሞ የውሸት ይመስላል። ጨርቅ ቢሆን ተርትሬ እመልሰው ነበር። ሌዘር አንዴ ከተወጋ ቀዳዳው አይደፈን... ያን ሁሉ ቁራጭ በሳስቼ ጨረስኩ። አለቀስኩ። ሙያ ብሎ ዝም!

ጥቅምት 20
ከሰዓት ጋሼ ጊታር ወደሚጫወትበት ቤት ሄድኩ። አልነገርኩትም። ጥግ ላይ ተቀመጥኩ።
አምፕሊፋየሩ አጠገቡ ነው። አናቱን በኮቱ ሸፍኖታል። አንዱ ዘፈን አልቆ ሌላው ሳይጀመር እጁን ወደዚያ ሰደደ። ሳይነካው መልሶ ሰበሰበው። ዓይኔን የማሳርፍበት አጣሁ።
ሲወጣ ጠበቅኩት። «ኮቱ ምንድነው?» አልኩ።
«ሥራሽ እንዳይቆሽሽ ብዬ ነው።»
ያን ጊዜ አልቻልኩም። «ጋሼ፣ ይቅር በለኝ። ለለቅሶውም፣ ለዚህም።»
«የለቅሶውንማ» አለ፣ «አምፕሊፋየሩን ይዤልሽ የመጣሁ ዕለት ትቼው ነው የመጣሁት።»
ስለ ሌላው ምንም አላለም። እስከ በሬ ሸኝቶኝ ሄደ።