ለልጄ የሰጠኋት ሁለት ቃላት

ዓርብ፣ ግንቦት ፲፩
ደብተሩን ወሰዱት። ልጄ ትርሲት ከምትሠራበት ከዝዋይ የዓሣ ጣቢያ ይዛው የመጣችው፣ የአምባዛ ዕንቁላል ፅንስ ሲሆን እያየች የጻፈችበት ነው። ለፍተሻ የገባው የቀበሌያችን ሊቀ መንበር እፊቴ ገልጦ አነበበ፦ «የእናቲቱ ትዕዛዝ ሲያበቃ ሕዋሳቱ በራሳቸው ትዕዛዝ ይከፈላሉ።» ቀና ብሎ፣ «የኔታ፣ እናቲቱ ማን ናት? እናት አገር?» አለኝ። ጓዶቹ ሳቁ፤ እሱ አልሳቀም። ትርሲትንም ይዘዋት ሄዱ።

ቅዳሜ፣ ፲፪
ከሚካኤል ቅዳሴ ወጥቼ ቀበሌ ሄድሁ። ምሳዋን ተቀበሉኝ፤ እሷን አላሳዩኝም።
የፈራሁትን እዚህ ብቻ ልጻፈው፤ ቃላቱ የእኔ ናቸው። ፈረንጆቹ «ሴል» የሚሉትን «ሕዋስ» በዪው ያልኋት እኔ ነኝ። «ጂን» ስትል የርኩስ መንፈስ ስም መስሎኝ አማትቤ፣ «ትዕዛዝ ይሻላል» ያልኋትም እኔው። በኅቡዕ የሚደራጁትም ስብስባቸውን ሕዋስ እንደሚሉት ከየት ልወቅ!

እሑድ፣ ፲፫
ሄጄ፣ ቃላቱ የእኔ፣ ነገሩም የዓሣ ዕንቁላል መሆኑን ተናገርሁ። «እንግዲያው እርስዎንም ልጨምርዎት?» አለኝ ሊቀ መንበሩ። ጥቂት አስቦ፣ «ነገ ዝዋይ እንሄዳለን። ዓሣው ካልተከፈለ ሁለታችሁም አትመለሱም» አለ።
እህል አልቀመስሁም።

ሰኞ፣ ፲፬
በላንድሮቨር ከናዝሬት በሞጆ በኩል ዝዋይ ደረስን። ትርሲት ከስታለች። «አባዬ፣ ዕንቁላሉ እምቢ ቢልስ?» አለችኝ በጆሮዬ።
የአምባዛዋን ሆድ አሽታ ዕንቁላል አወጣች፤ የወንዱን ዘር ጨመረችበት፤ ማጉያ መሣሪያው ሥር አኖረችው። ሊቀ መንበሩ ዓይኑን ደቀነ። አንድ ሰዓት ሊሞላ ሆነ፤ ምንም የለም። እኔ፣ ቅርፊት የለውም ብዬ በሕይወቴ ቀምሼው ለማላውቀው ዓሣ ስለት ተሳልሁ።
«ተከፈለ!» ብሎ ጮኸ ሊቀ መንበሩ። ሁለት። ቆይቶ አራት። ስምንት።
«ማን አዘዘው?»
«እስካሁን እናቱ ዕንቁላሉ ውስጥ ያኖረችለት ትዕዛዝ ነው፣ ጓድ» አለች ትርሲት። «ኋላ ግን ከእናቱም ከአባቱም የወረሰው የራሱ ጂን ይረከባል። ያነበቡትም ይኸው ነው።»
ወደ እኔ ዞረ። «የኔታስ? ማን አዘዘው ይላሉ?»
ፈገግ ብሎ ነበር። የእግዚአብሔር ስም ምላሴ ላይ ነበር። ትርሲት ዓይኗን ጨፈነች።
«እሷ እንዳለችው ነው» አልሁ።
«በሉ፣ ልጅዎን ይውሰዱ።» ደብተሩ ግን ለበላይ አካል ይላካል ተብሏል።
ቤት ከገባን ጀምሮ ተኝታለች፤ ትንፋሿን እሰማለሁ። ተመስገን ልል አፌን ከፈትሁ። ጧት የደበቅሁትን ስም አሁን እንዴት አድርጌ ልጥራው?