በእናቷ ድምፅ

ሲያትል፣ ሌክ ሲቲ
ኖቬምበር 12 ቀን 1998

ይድረስ ለምወድህና ለምናፍቅህ፣ ለየምሥራች አባት ለዘመድኩን፤

እንደምን ከርመሃል? እናትህስ ጉልበታቸው ተሻላቸው ወይ? እኛ ተመስገን ነው፣ በሕይወት አለን። እዚህ እንደ ዲላ ዘንቦ አያባራም፤ ሲያካፋ ውሎ ሲያካፋ ያድራል።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። «ትምህርቷን ከጨረሰች ይዘሻት ነይ፤ እዚህ ከዘመድ መሃል ትጦራለች» ያልከውን ደጋግሜ አነበብኩት። ቶሎ ያልመለስኩልህ ንቄህ አይደለም፤ የምለው ጠፍቶኝ ነው። እዚህ አገር እንደሷ ያለ ልጅ ሃያ አንድ ዓመት ሲሞላው ትምህርት ቤቱ ያሰናብተዋል። ከዚያ ወይ ሥራ ነው ወይ ቤት መዋል። እኔ የሆቴል አልጋ ሳነጥፍ፣ እሷ ብቻዋን ግድግዳ ስታይ ልትውል ነው ብዬ ስጨነቅ ከረምኩ።

ሥራ የምታስለምዳት ዶና የምትባል ፈረንጅ አለች። እሷ ሥራ ፍለጋ ስትሯሯጥላት ዋይት ሴንተር የሚባል ሰፈር ያለችው ሶፍያ፣ የስልጤዋ ባለሱቅ፣ «ኦኬ፣ ትምጣና እንሞክራት» አለች። ሶፍያ በርበሬና ሽሮ ትሸጣለች፣ የቪዲዮ ካሴትም ታከራያለች። የምሥራች ተሽከርካሪ ወንበሯ ላይ ሆና የካሴቱን ደንበኛ ልታስተናግድ ነው። የምትናገርበትን ሳጥን በፎቶግራፍ አይተኸዋል፤ ቁልፍ ስትጫን የተቀዳበትን ድምፅ ያወጣል። እንግሊዝኛውን ከትምህርት ቤት ይዛ መጥታለች። ለሀበሻ ደንበኛ አማርኛ ያስፈልጋል ተባለና እኔ ቀዳሁላት። «እንኳን ደህና መጡ»፣ «ምን ልርዳዎት?»፣ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ»፤ ሁሉም የጨዋ ልጅ ቃል። የትኛውን ትፈልጊያለሽ ብዬ ግን አልጠየቅኋትም።

የመጀመሪያውን ሰሞን ደስታዋን ብታይ! አዲሷን ሹራብ ካላለበስሽኝ ብላ ታስቸግረኝ ነበር። የአውቶቡሱ ሾፌር እንኳ ለምዷት «ሃይ ቦስ» ይላታል።

ባለፈው ሰሞን ልወስዳት ስገባ ጋሽ ዓለሙ የሚባሉ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ፊቷ ቆመዋል። ሩኅሩኅ ሰው ናቸው፣ ክፉ አይወጣቸውም። ከኪሳቸው ዶላር አወጡና የወንበሯ ጠረጴዛ ላይ አኖሩላት። «እመቤቴ ትማርሽ ልጄ» አሉ። መመጽወታቸው ነው። የምሥራች ሌላ ምን ቃል አላት? «ምን ልርዳዎት?» የሚለውን ተጫነች። እንባቸው መጣ። አጠገባቸው የቆመችው ሴትም ቦርሳዋን ከፈተች። ልጃችን እንደገና ስትሞክር እጇ ሳተና ሳጥኑ በኔ ድምፅ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለ። ዘመድኩን፣ ልጄን ይዤ ደጀ ሰላም የተቀመጥኩ መሰለኝ።

ያኔ ገንዘቡን በክንዷ ጠርጋ መሬት ጣለችው። እኔ ምን ላድርግ? ተንበርክኬ ለቀምኩና «ይቅርታ ጋሼ፣ እጇ አይታዘዝላትም» አልኩ። ዋሸሁባት። ሰምታኛለች፤ ያየችኝን አስተያየት አልነግርህም።

ከዚያ ወዲያ ሳጥኑን አልነካም አለች። ሶፍያ ኮል አድርጋ፣ «ማንአልሞሽዬ፣ ልጅቷን እወዳታለሁ፤ ግን ከስተመር ተቀየመኝ እኮ» አለችኝ። በቃ፣ ሥራው አለቀ አልኩ። ያንተን ደብዳቤ አውጥቼ አነበብኩላት። እውነቱን ልንገርህ፣ ደክሞኝ ነበር፤ እሺ እንሂድ እንድትለኝ ፈልጌ ነበር። ፊቷን አዞረችብኝ።

ትናንት ዶና ቤት መጣችና የእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈበት ሰሌዳ ዘርግታ፣ ያን ቀን ምን ልትዪ ነበር አለቻት። የምሥራች በአንድ ጣቷ ፊደል በፊደል እየጠቆመች ነገረቻት። በኛ ቋንቋ «አልለምንም፤ ሥራ ላይ ነኝ» ማለት ነው። ከዚያ ልጃችን ይህንኑ በአማርኛ ቅጂልኝ አለችኝ። ለሽማግሌ እንዲህ ይባላል እንዴ? «ይቅርታ አባባ» ብዬ ልጀምርልሽ አልኳት። «አባባ»ን ተቀበለች፣ «ይቅርታ»ን እምቢ አለች። ያባቷ ልጅ! ሶፍያ ጋ ደውለን አሰማናት፤ «ኦኬ፣ ሰኞ ትምጣ። ሌላ ጭቅጭቅ ካለ ግን ሶሪ፣ አልችልም» አለች። ጋሽ ዓለሙ ሲሰሙት ምን እንደሚሉ አላውቅም። ፈርቻለሁ።

ዛሬ ደግሞ ልጅህ ላንተ የሚሆን ቅጂልኝ አለችኝ። ስትጠቁም እየተከተልኩ አነበብኩት። «አባዬ፣ አልመጣም። አንተ ና» ነው የሚለው። ስቀዳው ስንት ጊዜ ደገምኩት። ደብዳቤው እስኪደርስህ ጠብቄ እሑድ ቀን እደውልልሃለሁ፤ ስልኩን ሳጥኑ ላይ እይዘዋለሁ። የምትሰማው ድምፅ የኔ ነው፤ በትዳራችን ዘመን ሁሉ ግን ይህን ቃል ደፍሬ ብዬህ አላውቅም።

የእናትህን ጉልበት ሳምልኝ። አምላክ ከክፉ ሁሉ ይሰውርህ፣ ዓይን ለዓይን ያገናኘን። ስልኩን ብቻ አትዝጋብን።

ያንተው
ማንአልሞሽ