የተሳቢው ሰንሰለት

መቱ

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ወንድምዓለም፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? የጋምቤላ ሙቀት እንዴት ይዞህ ይሆን? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማዬም ደህና ናት። ዝናብ ሲመጣ ጉልበቷን ያማታል፤ መቱ ደግሞ ዝናብ መቼ ጠፍቶ ያውቃል። ስልክህን ስለማታነሳ ይህን ደብዳቤ ለሾፌሩ ለጉርሙ ሰጥቼዋለሁ። እጅህ ላይ ካላደረሰው እኛ ቤት ምሳ እንደማይበላ ነግሬዋለሁ፤ ሆዱን ስለሚወድ ያደርሰዋል።

የአባዬ ሙት ዓመት ደርሷል። አርባው ላይ አልነበርክም፤ መንፈቁም ላይ አልነበርክም። ሰው ሲጠይቀኝ ሥራ በዝቶበት ነው እላለሁ። እትዬ ወለተ ማርያም በእንግዳ ፊት፣ ሰንሰለት ማሰር ረስቶ አባቱን ያስበላ ልጅ በየት ዓይኑ ያየናል አሉ። ጠላ ቀዳሁላቸው። እውነቱን ልንገርህ፣ ምንም አልተሰማኝም። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ እንዲህ ነኝ። እጄ ይሠራል፣ አፌ ይናገራል፣ ሌላው የለም። ጥርስ ሊነቀል ሲል መርፌ የተወጋ ድድ ታውቅ የለ፣ እንደዚያ ነው።

ጀልባ የምትጭንበት ተሳቢ አሁንም በያጁ ቀጀላ ጋ ቆሟል። ባለፈው በዚያ ሳልፍ የጎማውን ኩሽኔታ ፈትቶ አሳየኝ። ግራሶው እንዳለ ነው፤ ዝገት የሚባል አልነካውም። ሌሎቹ ሾፌሮች ቁልቁለቱን ወርደው ጀልባ ሲያራግፉ የጋለውን ጎማ በቀጥታ ባሮ ውስጥ ይነክሩታል፣ ውሃ ይገባና ኩሽኔታው ይበላል፤ ወንድምሽ ግን እስኪበርድ ዛፍ ስር ጋደም ብሎ ይጠብቅ ነበር፣ ሰነፍ እያልን ስቀንበታል አለኝ። እኔም በቆምክ ቁጥር የጎማውን መሃል በመዳፍህ ስትነካው ትዝ አለኝ። የታመመ ልጅ ግንባር ነበር የምታስመስለው። እንዲህ ያለ ሰው ሰንሰለቱን ረሳሁ ብሎ ለፖሊስ ቃሉን ሲሰጥ አንድም የተጠራጠረ አልነበረም። እኔም አልተጠራጠርኩም። ከእስር ወጥተህ በዚያው ወደ ጋምቤላ ስትሄድ፣ ይሂድ፣ ይሻለዋል አልኩ።

የዚያን ቀን ጠዋት የማስታውሰውን ልጻፍልህ፤ ከተሳሳትኩ ታርመኛለህ። ቀጀላ የጠገነውን ጀልባ ወደ ባሮ ልታወርድ ነበር። አባዬም መንገድህ ላይ ቡሬ ያለ ወዳጁን ሊጠይቅ አብሮህ ተነሣ። ተሳቢውን ከመኪናው ጋር ያያዘው እሱ ነው። ሁልጊዜም እሱ ነው። ጡረታ ከወጣ በኋላ ከሹፍርናው የቀረችው ይህቺው ነበረች። መቆለፊያውን ይጫናል፣ ሰንሰለቱን ከስር በመስቀል አቋርጦ ያስራል፣ ከዚያ የመኪናውን ጎን መታ መታ አድርጎ ንዳ ይልሃል። ሲመታው ጓዳ ሆኜ ሰምቼዋለሁ። አንተ ደግሞ አባትህ ያሰረውን ጎንበስ ብለህ አታይም። ነውር ነው። ብታይበት ጋምቤላ ደርሰህ እስክትመለስ ያኮርፍህ ነበር።

ጎሬ ላይ ለጫንካት አራስ ሴት ወንበሩን የለቀቀላት እሱ ነው። ተሳቢው ላይ ባለው ጀልባ ውስጥ፣ ሸራው ላይ ተቀመጠ። አትውጣ ብለህ እንደለመንከው ሴትየዋ ለለቅሶ መጥታ ነግራናለች። እምቢ ያለ ሽማግሌን ማን ያወርዳል። ከዚያ ቁልቁለቱ ላይ መቆለፊያው ዘለለ፤ ተሳቢውን የሚይዘው ሰንሰለት ደግሞ አልነበረም። አባዬ ረሳ ከሚባል አንተ ረሳህ ቢባል መረጥክ። ይህ ዓመቱን ሙሉ አልገባኝም ነበር።

አሁን የገባኝ በውሻው ምክንያት ነው። ጉራቻ የኦቦ መገርሳን ዶሮዎች እየበላ ሲያስቸግር እማዬ አባዬን እሰረው እያለች ስትጨቀጭቀው ትዝ ይልሃል? በጉዟችሁ ዋዜማ አሰረላት። ለጊዜው ነው፣ ገመድ እስክገዛ ነው ሲላት ሰምቻለሁ፤ በምን አሰርከው ብሎ የጠየቀው ግን የለም። ከቀብሩ በኋላ እማዬ ጓሮ ወጥታ አታውቅም። ለጉራቻ ፍርፋሪ የምወስደው እኔ ነኝ። ጉልበቷ ነው ብዬ ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ዝናቡ ጉራቻ የታሰረበትን አቮካዶ ገንጥሎ ሲጥለው ውሻውን ወደ አጥሩ ላዛውር ሄድኩ። ግንዱ ላይ ከተጠቀለለው ጆንያ ስር የሰንሰለቱ መንጠቆ ወጣ። ጭቃውን በቀሚሴ ጠረግኩት። ቀይ ነው። ቀጀላ በይዶልህ፣ ሌባ እንዳይወስደው ብለህ ቀይ ቀለም የቀባኸው ያው መንጠቆ።

ጭቃው ላይ ቁጭ አልኩ። አላለቀስኩም። ጉራቻን አጥሩ ላይ መልሼ በዚያው አሰርኩት፣ እጄን ታጠብኩ፣ ሽሮ ሠራሁ። ለእማዬ ምንም አልነገርኳት። እሰረው ያለችው እሷ ናት፤ ይህን ካወቀች እሷንም የምንቀብራት መሰለኝ። አንተ ግን ያላጠፋኸውን ተሸክመህ በሰው አገር ስትቀር ዝም ማለት አልቻልኩም። ለሙት ዓመቱ ና፤ ጓሮ ግን አትውጣ፣ ብትወጣም ሰንሰለቱን እንዳላየህ ሁን ልልህ ነበር። እስከዚህ የጻፍኩት ትናንት ነው።

ዛሬ ጠዋት ስነሣ ጉራቻ ተፈትቶ ደጃፍ ላይ ተኝቷል። እማዬ በዚያ ጉልበቷ ጓሮ ወጥታለች። ሰንሰለቱን በሳሙና አጥባ፣ ከአባዬ ቆርቆሮ ግራሶ አውጥታ ወልውላ፣ አልጋህ ላይ ነጠላዋን አንጥፋ በመስቀል አቋርጣ አስቀምጣዋለች። በሩ ላይ ቆሜ ሳያት ቀና ብላ አላየችኝም። ለወንድምሽ ስትጽፊ ዕቃህ ቤት ነው ያለው በይው አለችኝ። መጥቶ ይውሰድ፤ ከእንግዲህ ማንም ያስረው ማን፣ እኔም ባስረው፣ ጎንበስ ብሎ ይይ አለች። መቼ አወቅሽ ብዬ አልጠየቅኳትም።

ያ ያልኩህ የደነዘዘ ድድ ዛሬ ስሜቱ መመለስ ጀምሯል። ያማል።

እመቤቴ ማርያም ዳገቱን በሰላም ታውጣህ። የሚጠብቅህን ሰው ሳያጎድል አምላክ ለደጃችን ያብቃህ። ጉራቻ ስለተፈታ ስትገባ ቢጮህብህ እንዳትደነግጥ፣ ድምፅህን ሲሰማ ያውቅሃል።

አልጋህን ከቦታው ያላነሣችው
ታናሽ እህትህ