በመምህር ዲበኩሉ ኦሊቃ ዕረፍትና የድንኳን ገመድ በታሰረበት ድንጋያቸው ጉዳይ ከምድር ሳይንስ ክበብ የወጣ የሐዘን መግለጫ

የምድር ሳይንስ ክበባችን መሥራቹንና አባቱን መምህር ዲበኩሉ ኦሊቃን ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም. በሞት ተነጥቋል። ሐዘናችን ከባድ ነው። ንዴታችንም እንደዚያው። ሐዘኑን በአንድ ወረቀት፣ ንዴቱን በሌላ ለማውጣት ሞክረን ነበር፤ አልለያይ አሉን። ስለዚህ ለክበቡ አባላት፣ ለቀድሞ ተማሪዎች፣ ለአዳማ ከተማ ነዋሪዎችና መምህሩን በአውቶቡስ ውስጥ ድንጋይ ታቅፈው ላየ ሁሉ ሁለቱንም አንድ ላይ አቅርበናል። የትምህርት ቤታችንን ስም ያልጻፍነው ዘንግተን አይደለም። ማኅተም ስለተከለከልን ነው።

መምህር ዲበኩሉ በ1958 ዓ.ም. በአቦምሳ ተወለዱ። በአዲስ አበባ ሥነ ምድር ካጠኑ በኋላ በማዕድን ፍለጋ ሥራ ወደ አዶላ ተላኩ። ባልደረቦቻቸው ወርቅ ሲፈልጉ እሳቸው ወርቅ የሌለበትን፣ ሌላው የሚጥለውን ድንጋይ ያነሡ ነበር። በዚህ ጠባያቸው የተነሣ በመሥሪያ ቤቱ ብዙ ዕድገት አላገኙም። ለእኛ ግን በጀን።

በ1986 ዓ.ም. ወደ አዳማ መጥተው መምህር ሆኑ። በትምህርት ቤታችን «ቲቸር ግፊት» በሚል ስም ይታወቁ ነበር። ስሙን ማን እንዳወጣላቸው ክበቡ ያውቃል፤ አይናገርም። ስማቸውን የሰሙ ቀን ግን አልተቆጡም። «ሙቀት የሚባል ጓደኛ ፈልጉልኝ እንጂ፣ ብቻዬን ምን እሠራለሁ?» ብለው ወደ ሰሌዳው ዞሩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስረዳት ግድ ይለናል፤ ያለበለዚያ ንዴታችን የልጅ ንዴት ይመስላል። አዳማ ላይ ያደገ ልጅ የሚያውቀው ድንጋይ ሁሉ ከእሳተ ገሞራ የመጣ ነው። የአጥሩ ድንጋይ፣ የመንገዱ ቀይ አሸዋ፣ ሜዳ ላይ የሚያብለጨልጨው ባልጩት፣ ሁሉም። ስለዚህ ማንኛውንም ድንጋይ አሳይተውን «እንዴት ተፈጠረ?» ሲሉን ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ቀልጦ!» ይላል። መምህሩም ጠመኔውን ያስቀምጡና «አልቀለጠም። ጻፉት» ይላሉ። ይህን ቃል ደብተሩ ላይ ያልጻፈ ተማሪ የለም። አንዳንዶቻችን ጠረጴዛው ላይም ጽፈነዋል።

ከአዶላ ያመጧቸው ድንጋዮች ሜታሞርፊክ ይባላሉ። የብዙዎቹ መነሻ ተራ ጭቃ ነው። ጭቃው ይቀበራል፣ በላዩ ሌላ ይጫንበታል፣ እየወረደ በሄደ ቁጥር ግፊቱም ሙቀቱም ይጨምራል። እዚያ ታች፣ ጠጣር እንደሆነ፣ ጠብታ ሳይቀልጥ፣ በውስጡ ያሉት ማዕድናት የያዙትን ንጥረ ነገር እየተለዋወጡ አዲስ ማዕድን ያበቅላሉ። መጀመሪያ አረንጓዴው ክሎራይት ይመጣል። ሙቀቱ ሲጨምር ጥቁሩ ማይካ ይወጣል፤ ቅጠል ቅጠሉም ግፊቱን ፊት ለፊት ይዞ ጠፍጠፍ ብሎ ይነጠፋል። አሁንም ሲጨምር ክሎራይቱ እያለቀ ቀዩ ጋርኔት ፍሬ ይይዛል። ከዚያ ወዲያ ደግሞ ሰማያዊው ካያናይት አለ። የትኛው ማዕድን እንደበቀለ የሚያውቅ ሰው ድንጋዩ ምን ያህል እንደወረደና እንደሞቀ ከቤቱ ቁጭ ብሎ ይናገራል። «ወደ ላይ ሲወጣና ሲቀዘቅዝ ለምን ተመልሶ ጭቃ አይሆንም?» ብለን ልናስጨንቃቸው የጠየቅን ቀን አልተጨነቁም። ሲሞቅ በውስጡ የነበረው ውሃ ጥሎት ሄዷል፤ ያለ ውሃ ደግሞ መመለሻ መንገድ የለውም አሉን።

በ1989 ዓ.ም. ወ/ሮ ኑኃሚንን ለትዳር ሲጠይቁ ቀለበት አልያዙም። ከአዶላ እስከ አዳማ በጭናቸው ላይ ያመጡትን ድንጋይ ነው የያዙት፤ የዳቦ ያህል የሚሆን፣ ማይካው የሚያብረቀርቅ፣ የሽምብራ ፍሬ የሚያህሉ ቀያይ ጋርኔቶች የተሰገሰጉበት። ሻሸመኔ ኬላ ላይ ፈታሹ ቦርሳውን ሊያነሣ ሲል ክብደቱ አስደንግጦት ወርቅ ነው ብሎ አውቶቡሱን አቁሞ ነበር። እስከ አርሲ ነገሌ ድረስ ተሳፋሪው ሲሰድባቸው፣ ከአርሲ ነገሌ እስከ ሞጆ ደግሞ ድንጋዩን እየተቀባበለ ሲያየው መጣ። ይህን ታሪክ እሳቸው አልነገሩንም። የነገሩን ወ/ሮ ኑኃሚን ናቸው፤ ሲነግሩንም ዛሬ ድረስ ይስቃሉ፤ ወይም እስከዚህ ጥር ድረስ ይስቁ ነበር።

በ1995 ዓ.ም. ክበባችን ተቋቋመ። ወ/ሮ ኑኃሚን ያን ድንጋይ ለክበቡ መደርደሪያ በውሰት ሰጡ። «ቤት ውስጥ እኔ ብቻዬን ከማየው ልጆቹ ይዩት» ነበር ያሉት። ውሰት ነው፤ ስጦታ አይደለም። ይህን ልዩነት ያልተረዳ አስተዳደር እንዳለ ወደፊት እንገልጻለን።

በ2011 ዓ.ም. መምህሩ ከዓለም ጤና ከተማ የመጣ ቀይ ሽንኩርት ክፍል ውስጥ ሰንጥቀው የጋርኔትን አስተዳደግ አሳዩ። መሃሉ መጀመሪያ ያደገው ነው፤ ዳሩ መጨረሻ የተጨመረው። እያንዳንዱ ዙር የበቀለበትን ጊዜ ግፊትና ሙቀት ይዞ ይቀራል። ፍሬው ሲሰፋ በአጠገቡ ያገኘውን ደቃቅ ማዕድን ውጦ ያስቀምጣል፤ ስለዚህ በውጪ ያለው ሁሉ ተለውጦ ካለቀ በኋላ እንኳ የጥንቱ በሆዱ ይገኛል። ሽንኩርቱ ክፍሉን በሙሉ አስለቀሰ። እሳቸውም ዞር ብለው አዩንና «በመጨረሻ ስለ ድንጋይ የሚያለቅስ ተማሪ አገኘሁ» አሉ።

አሁን ወደ ድንኳኑ እንመጣለን።

የመምህሩ ቤት ደጃፍ ኮብልስቶን ነው፤ የድንኳን ካስማ አይቀበልም። የጥር ነፋስ ደግሞ ለአዳማ ሰው አይነገርም። እድሩ ገመድ የሚያስርባቸው በሲሚንቶ የተሞሉ ጣሳዎች በዚያ ቀን ሌላ ለቅሶ ላይ ነበሩ። የእድሩ የድንኳን ኃላፊ ጋሽ ሰንበታ ከባድ ነገር እንዲያውሷቸው ትምህርት ቤቱን ጠየቁ። እሳቸውን አንወቅስም፤ የጠየቁት ከባድ ነገር ነው። ምክትል ርእሰ መምህሩ አቶ ቶኩማ ግን የክበባችንን ክፍል ከፍተው «ከዚህ ውሰዱ፣ ክፍሉም ለወንበር ማከማቻ ይለቀቅልናል» አሉ። የሠላሳ ዓመት ልፋት በጋሪ ተጭኖ ወጣ። ካያናይቱ በስተግራ፣ የወ/ሮ ኑኃሚን ጋርኔት በመግቢያው በስተቀኝ፣ በሲባጎና በገመድ ተጠፍሮ ታሰረ።

በማግሥቱ አቶ ቶኩማ በዚያው ድንኳን መግቢያ ላይ ቆመው የትምህርት ቤቱን የሐዘን መግለጫ አነበቡ። «በእሳት ቀልጠው የተፈጠሩ ብርቅዬ ድንጋዮቻቸውን ትምህርት ቤቱ በክብር ጠብቆ ለትውልድ ያስተላልፋል» የሚል ነበረበት። የወ/ሮ ኑኃሚን ድንጋይ በዚያች ደቂቃ በአቶ ቶኩማ ቀኝ እግር አጠገብ ታስሮ ነበር። የጫማቸውን አቧራም ተቀብሏል።

«ቀልጠው» ሲሉ እኛ ከኋላ ወንበር ላይ የነበርነው ሳንመካከር በአንድ ላይ «አልቀለጠም» አልን። አጠገባችን የተቀመጡ እናት የጸሎት መልስ መስሏቸው «አሜን» አሉ። ቢሳቅ ይሳቅ ነበር፤ ግን ያን ጊዜ ነው የክበባችን ሊቀ መንበር ቢሊሴ ድንጋዩን ያየችው። ተነሥታ ጎንበስ ብላ ቋጠሮውን መፍታት ጀመረች። ጋሽ ሰንበታ እጇን ያዙ።

«ልጄ፣ እሱን ከፈታሽው ድንኳኑ መጀመሪያ የሚወድቀው ሚስታቸው ላይ ነው።»

እውነት ነበር። ነፋሱ ሸራውን እያነሣ ይጥለዋል፤ ድንጋዩ ነው የያዘው። ስለዚህ ተመልሰን ተቀመጥን። የመምህራችን ድንጋይ የመምህራችንን ለቅሶ ተሸክሞ ሲውል እያየን፣ አፋችንን ይዘን። በሕይወታችን አፋችንን ይዘን አናውቅም፤ ይህም ይመዝገብልን።

ድንኳኑ የተነሣው እኛ ፈተና ላይ ሳለን ነው። ስንደርስ ድንጋዮቹ ከቦዩ ዳር ተጥለው አገኘናቸው። ካያናይቱ ለሁለት ተከፍሏል። ያገኘነውን በጋሪ ለቀምን። የወ/ሮ ኑኃሚን ግን የለም። እሳቸው ከለቅሶ ቤቱ ወጥተው ጋሪውን ሲያዩ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አንሥተው ፈለጉ፣ ከዚያ ሻርፓቸውን ትከሻቸው ላይ መልሰው «ሌላውን ተዉት። የእኔን አምጡልኝ» አሉ። ድምፃቸውን አላነሡም። ቢያነሡ ይሻለን ነበር።

አቶ ቶኩማን ልንጠይቅ ሄድን። የመለሱልንን ቃል እንዳለ እናወጣዋለን፤ ምክንያቱም እኛ ብንፈጥረው ማንም አያምነንም። «ከተማው ድንጋይ በድንጋይ ነው። አንዱን አንሡና ስጧቸው፤ ሐዘን ላይ ያለ ሰው አይለየውም» አሉ።

ክበቡ ይህን ንግግር በጽኑ ያወግዛል። ወ/ሮ ኑኃሚን ያን ድንጋይ ለሃያ ስምንት ዓመት ያውቁታል። የትኛው ፍሬ በየት በኩል እንዳለ፣ ማይካው የትኛውን ፍሬ እንዴት ዞሮ እንዳለፈ በጣታቸው ያውቁታል። የማይለየው ማን እንደሆነ ለሕዝብ ትተናል።

ጋሽ ሰንበታ ግን አስታወሱ። ድንጋዩ ለመጠኑ ከባድ፣ ገመዱም አጥብቆ የተቋጠረ ስለነበር ከነገመዱ ድንኳኑ ጋር ተጭኖ፣ ከባቡር ጣቢያው ማዶ ወደ እማማ ዘርፉ ለቅሶ ሄዷል። ሮጠን ደረስን። እንደፈራነው እዚያም መግቢያው ላይ ታስሮ፣ ሸራውን ወጥሮ ይዟል። እዚያም ከፈታነው ድንኳኑ በሰው ላይ ይወድቃል። ሌላ ምርጫ ስላልነበረ የክበቡ አባላት በተራ በተራ በማናውቃቸው ሰው ለቅሶ ላይ ተቀመጥን። ንፍሮ ቀረበልን፤ በላን። ውሃ ቀዳን፣ ወንበር ተሸከምን። የእማማ ዘርፉ ልጅ ስታየን ስታየን ቆየችና የማን ወገን እንደሆንን ጠየቀች።

«የድንኳኑ» አለች ቢሊሴ።

ነገሩን ከሥሩ ነገርናት። የገዛ እናቷን የቀበረች ሴት ናት፤ ብትቆጣን መብቷ ነበር። እሷ ግን ወንበሯን አንሥታ ድንጋዩ አጠገብ አኖረች፣ እስከ ሦስተኛው ቀንም ልጆች እንዳይቀመጡበት ስታባርር ዋለች። በትምህርት ቤታችን አስተዳደር ያጣነውን ክብር ከማያውቁን ሐዘንተኞች አገኘን። ለእማማ ዘርፉ ቤተሰብ መጽናናትን እንመኛለን፤ ከልባችን ነው፤ አልቅሰንላቸዋልም።

ድንኳኑ ሲነሣ ጋሽ ሰንበታ ቋጠሮውን በራሳቸው እጅ ፈቱ። ገመዱ የፈተገው ቦታ ላይ ማይካው ተፍቆ፣ አንድ ትልቅ የጋርኔት ፍሬ ወድቋል። የሁለቱንም ለቅሶ ቤት የኮብልስቶን ስንጥቅ በእንጨት ጫር ጫር አድርገን ፈለግን። አላገኘነውም። እንዲህ ሆኖ መመለስ አሳፍሮን ስለነበር ወ/ሮ ኑኃሚን በር ላይ ስንደርስ ማን ይያዘው ተባብለን ተገፋፋን።

እሳቸው ተቀብለው በመስኮቱ ብርሃን አዙረው አዩት። ጎደሎውን ወዲያው አገኙት። አመልካች ጣታቸውን ፍሬው በወደቀበት ጉድጓድ ውስጥ አኖሩ። ጉድጓዱ የፍሬውን ማዕዘናት እንዳሉ ይዟል፤ ማይካው በዙሪያው እንደታጠፈ ነው። ፍሬው ሲበቅል ዐለቱ ዞሮለታል፤ ሲወድቅም ዙሪያውን አልዘጋበትም።

«ቦታው አለ» አሉ።  ከዚያ ወደ እኛ ዞረው ድንጋዩ ወደዚያ ክፍል እንደማይመለስ፣ ማየት የሚፈልግ ተማሪ ግን በራቸውን እንዲያንኳኳ ነገሩን። በጋሪ የለቀምነውንም ሁሉ እንድናመጣ አዘዙ።

በዚህ መሠረት ክበቡ የሚከተለውን ያሳውቃል። የመምህር ዲበኩሉ ኦሊቃ የሜታሞርፊክ ድንጋዮች ከእንግዲህ በባለቤታቸው ሳሎን፣ በመስኮቱ ሥር ይገኛሉ። ትምህርቱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይቀጥላል። ወንበር በተከማቸበት ክፍል መደርደሪያ ላይ ለአስተዳደሩ አንድ ባልጩት ትተንለታል። እሱ እውነትም ቀልጦ የተፈጠረ ስለሆነ ያነበቡት መግለጫ ለእሱ ይሠራል።

ለወ/ሮ ኑኃሚን፣ ለልጆቻቸው፣ በአቦምሳ ለሚገኙ የመምህሩ ወንድሞችና እህቶች፣ በየከተማው ለተበተኑ ተማሪዎቻቸው እግዚአብሔር ብርታቱን ይስጥልን እንላለን። ለአቶ ቶኩማ ገና ምንም አንልም። ውሰትን ከስጦታ ለይተው፣ ወ/ሮ ኑኃሚን ደጃፍ ቆመው ይቅርታ የጠየቁ ቀን የእሳቸውንም ሐዘን እንካፈላለን።

ወደ ቤቱ የሚመጣ ሁሉ ጫማውን በር ላይ ያውልቅ። ድንጋዩን በሁለት እጁ ይያዝ። እንዴት ተፈጠረ ተብሎ ሲጠየቅም ከመመለሱ በፊት ያስብ።

የምድር ሳይንስ ክበብ
አዳማ፣ የካቲት 2017 ዓ.ም.