ሁለቱን ላፕቶፖች አወዳደርኳቸው

ለልጄ ለሰሚር፣

አላህ በሄድክበት ሁሉ ይጠብቅህ፣ ሰላምህን ያብዛልህ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እህትህ ሀያት ኮሌጅ ጀምራለች። ጌጃ ሰፈር ያለው የጽሕፈት ሱቄም እንደተከፈተ ነው።

የላክኸው አዲሱ ላፕቶፕ ደርሶኛል፤ አላህ ይስጥልኝ። «አሮጌውን ጣዪው፣ ሱቁንም ዝጊና እረፊ» ያልከኝ ግን አልተዋጠልኝም። ስለዚህ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ አወዳደርኳቸው። አሮጌው ላይ የነበረውን ሲስተም ሀያት አጥፍታ ሊኑክስ የሚባል ቀለል ያለ ሲስተም ጭናበታለች፤ ሃርድ ዲስኩንም በፈጣን ቀይራዋለች። ሰዓት የያዘችውም እሷ ናት። የእኔው በሃያ ሰከንድ ተነሳ። ያንተው መጀመሪያ አፕዴት ላድርግ ብሎ ግማሽ ሰዓት አስቆመን። እሱን ስንጠብቅ የጎረቤታችንን የአማልን የሠርግ ጥሪ በአሮጌው ጽፌ፣ አትሜ ሰጠኋት።

እውነቱን አልደብቅህም፤ ቪዲዮ ስንሞክር ያንተው እጥፍ ፈጠነ። ስለዚህ ያንተውን ለሀያት ሰጠኋት፤ ለትምህርቷ ይሆናታል።

«እማ፣ ሰሚር ቢቀየምስ?» አለችኝ።

«ይቀየም። የእኔ ሥራ ጽሑፍ ነው፤ ለጽሑፍ ይሄ ይበቃኛል» አልኳት።

ሱቁን አልዘጋም፣ ልጄ። ስልሳ ዓመት ሞላኝ እንጂ ጣቶቼ አልደከሙም። እናንተን ያሳደግኩበትን ሥራ የምተወው እኔ በቃኝ ስል ነው።

አላህ ሪዝቅህን፣ እንጀራህን ያስፋልህ፣ ከክፉ ዓይን ይሰውርህ። አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርህ፦ ስትደውል ስለ ጤናዬ ብቻ አትጠይቀኝ። «ዛሬ ምን ሠራሽ?» በለኝ።

እናትህ ዘሀራ፣ ከልደታ