ከኩሬው ማዶ ያየሁዎት ቅዳሜ

ውድ አባባ፣

ይህን ደብዳቤ ለመጀመር ሁለት ወረቀት ቀድጄ ጥያለሁ። ልጅዎና እኔ ከተፋታን ዓመት ከመንፈቅ አለፈን። ዛሬም “አባባ” ልበልዎት አልበልዎት አላውቅም፤ ሌላ መጠሪያ ግን አልለመድኩም።

ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ብርዱ በገባ ቁጥር፣ ቅዳሜ ማለዳ በራችንን ያንኳኩ ነበር። “ተነስ፣ ወፎቹ አንተን አይጠብቁም!” ሳምንቱን በማተሚያ ማሽን ጩኸት ስደነቁር ለምከርም ሰው ያ የዕረፍት ቀኔ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን በሆዴ ሳላማዎት አልቀረሁም። ወፎቹን ለማየት ወደ ኩሬው ስንሄድ ደግሞ ቁጣው ነበር፤ “ኮቴህን ቀነስ አድርግ እንጂ፣ በርሜል ነው እንዴ የምታንከባልለው?” አርባ ዓመት ሰዓት ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ነዎትና ጆሮዎ ምንም አያመልጠውም። ደረቁ ሸምበቆ ውስጥ ድንቢጥ ስትንቀሳቀስ ክንዴን ቆንጠጥ ያደርጉኛል። ውርጩ ላይ በአንድ እግሩ የቆመውን ሽመላ አይተው፣ “ይኼ ጡረታ የወጣ ዳኛ ነው” ያሉኝ ቀን ሳቄን ማፈን አቅቶኝ ወፉን አባረርኩብዎት። እያደር ከእርስዎ ቀድሜ መነሣት ጀመርኩ።

የመጨረሻዋን ቅዳሜ ያስታውሷታል? ዓርብ ማታ ልጅዎ “በቃኝ” ብላኝ ነበር። ኩሬው ዳር ስንደርስ ፊቴን አዩና ምንም ሳይጠይቁኝ የሩቅ ማያ መነጽርዎን ከአንገትዎ አውጥተው ሰጡኝ። ዓይኔ ላይ ስደቅነው እንባዬ መጣ።

“ምን ይታይሃል?” አሉኝ።

“ዳክዬዎች።”

“ስንት ናቸው?”

“ብዙ ናቸው።”

“እንግዲያው ቀስ ብለህ ቁጠራቸው” ብለው ጀርባዎን ሰጡኝ። ኩሬው ላይ አንድም ዳክዬ አልነበረም፤ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቀረሁ። የተፋታ ሰው የሚስቱን አባት ምን ብሎ ይጠይቃል?

ባለፈው ቅዳሜ ግን እግሬ ወሰደኝ። ከማዶ ከዘራዎን ተደግፈው ቆመው አየሁዎት። ጭልፊት በላይዎ ሲያንዣብብ ቀና አሉ፣ ከዚያ የሆነ ነገር ሊናገሩ ወደ ጎንዎ ዞሩ። አጠገብዎ ማንም አልነበረም። እኔ እንደ ሌባ ሸምበቆው ውስጥ ተደብቄ ቆየሁና ተመለስኩ። እስከ ቤቴ ድረስ በራሴ አፈርኩ።

ሰኞ ለልጅዎ ደወልኩላት። “አባትሽን ሄጄ ባገኛቸው ቅር ይልሻል?” አልኳት።

“የፈታኸው እኔን ነው” አለችኝ፣ “አባቴን አልፈታኸውም። ደግሞ ጉልበቱን ያመዋል፣ ወደ ኩሬው ስትወጡ ዳገቱ ላይ ደግፈው።”

እንግዲህ አባባ፣ የፊታችን ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከዳገቱ ሥር እጠብቅዎታለሁ። መነጋገር ካላሰኘዎት ዝም ብለን እንወጣለን። ጨርሶ ማየት ካልፈለጉኝም በላይኛው መንገድ ይለፉ፣ አልቀየምዎትም። እኔ ግን በሚቀጥለውም ቅዳሜ እዚያው ነኝ።

አማችዎ