የሁለት ጌታ ባቡር

አርባ ምንጭ፣ ሴቻ
ጥቅምት 2017 ዓ.ም.

ለሀዲድ ወንድሜ፣

የበረሃው ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ጉልበትህስ? ልጆችህ፣ ፍየሎችህ፣ ያ የማይለቅህ ሳል ሳይቀር እንዴት ናቸው? እኔ ጌታ ይመስገን፣ እተነፍሳለሁ። ልጄ ማዕዶት ሰላም ብላሃለች።

በስልክ የነገርከኝ ከጆሮዬ አልወጣም። ያ የባቡር ጣቢያችን ሊፈርስ፣ ግሬደሩ በባለቤቴ መቃብር ላይ ሊያልፍ ነው አልከኝ። "ቶሎ ካልወሰድካት ሜዳ ሆና ነው የምትቀረው" አልከኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍም ጸሎትም እኩል እምቢ ብለውኛል።

ጨንቻ ወጥቼ ለወንድሟ ለኦይታ ነገርኩት። ሽመናውን እንኳ ሳያቆም፣ "አማቼ፣ እኛ ሰው ነው ብለን ሰጠንህ፤ አንተ እህታችንን ሀዲድ ዳር ቀብረህ የባቡር አጥር አደረግሃት" አለኝ። የአገሯን አፈር እስክትለብስ ከኔ ጋር ገበታ ላይቀርብ የማለ ሰው ነው፤ እኔ ቆጮውን በዳጣ ስበላ እሱ ይሸምናል። ለሸማኔ የጋራ መስመርን እንዴት ታስረዳዋለህ?

አንተ ታውቀዋለህ፤ እኔ ግን ካልደገምኩት ያንቀኛል። ሽቅብ ወደ ደጋ የሚወጣው ባቡር የላይኛው ቢሮ ነበር፣ ቁልቁል ወደ ወደቡ የሚወርደው የታችኛው። ሀዲዱ የሁለቱም፣ ስለዚህ የማንም። አንድ ጆንያ ጨው ለመጫን እኔ ወደ ላይ፣ አንተ ወደ ታች ደውለን ሁለቱም "ይሁን" ማለት ነበረባቸው። አምፖል ሲቃጠል እነሱ ሲከራከሩ እኛ ስንት ጊዜ በኩራዝ አመሸን! ቃሉ ለሁለት ጌቶች መገዛት የሚቻለው የለም ይላል። እኛ ግን ጡረታ እስክንወጣ ተገዛን።

እሷ ያረፈች ቀን ባዶ ፉርጎ ፊታችን ቆሞ ነበር። ያንተ አለቃ፣ "የላይኛው ቢሮ ሠራተኛ ሚስት ናት፣ እነሱ ይጫኗት" አለ። የኔው ደግሞ፣ "ሞተሩ የታችኛው ነው፣ እነሱን ጠይቅ" አለኝ። ፀሐይዋ የማንንም ፈቃድ አልጠበቀችም። ስልኩን ጆሯቸው ላይ ዘግተህ አካፋ ያነሣኸው አንተ ነህ። እነዚያ ከረባት ያነቃቸው ሁለት ሰዎች ኋላ የሐዘን ቴሌግራም ላኩልኝ፤ ቃል በቃል አንድ ዓይነት። በዕድሜያቸው የተስማሙት በዚያ ብቻ ነው።

ንቀት ኃጢአት መሆኑን አውቃለሁ። ተንበርክኬ አወጣዋለሁ፤ አሜን ብዬ ስነሣ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል።

አዲሱ ባቡር በሌላ በኩል ካለፈ ወዲህ የኛ መስመር የዝገት ርስት ሆኖ፣ አሁን ደግሞ ለጌጥ ይሸጣል። አቶ ዘሚካኤል የሚባሉ ከሰሜን የመጡ ጡረተኛ ሹም፣ ጫሞ ሐይቅን ቁልቁል ከሚያየው ገደል ላይ ሎጅ ሠርተዋል፤ ማዕዶት የምትሠራውም እሳቸው ዘንድ ነው። ከአዞ በቀር ረጅም ነገር ሲሳብ ታይቶ በማያውቅበት አገር ሀዲድ ዘርግተው፣ ከኛው መስመር የመጣ ፉርጎ አቁመው መጠጥ ቤት አደረጉት። አንዲት ሬሳ የከበደው ፉርጎ ዛሬ ሰካራም ሙሉ ይሸከማል!

"ጋሼ፣ እርስዎማ ታሪክ ነዎት! ቆብ አድርገው እንግዳ ሲገባ ፊሽካ ይንፉልኝ" አሉኝ።

"ባቡሩ ወዴት ነው የሚሄደው ቢሉኝስ?"

"ወደ ምሳ ይበሏቸዋ!" ብለው በገዛ ቀልዳቸው ተንከተከቱ። ዓመት ሙሉ እምቢ አልኳቸው። ዝንጀሮ ቀጥረው ያስነፉ አልኩ፣ ለማዕዶት።

ሰሞኑን ግን ማዕዶት ወሬ ይዛ መጣች፤ ሰውዬው ሁለተኛ ፉርጎ ገዝተዋል፣ ካንተው ጣቢያ። ኅዳር ሲገባ ትልቁ መኪና ሊያመጣው ይሄዳል። ሰምቼ ጸለይኩ፤ ከዚያ ያንን ገደል ወጣሁ። እኔና እሳቸው ምን እንደተባባልን አንተን አይጠቅምህም። መኪናው ፉርጎውን ብቻ ይዞ አይመለስም።

ለኦይታ ስነግረው መወርወሪያውን አስቀመጠ። የሸመነውን ነጭ ጋቢ ሾፌሩ ጉታ ይዞልህ ይመጣል፤ አጽሟን በጋቢው ጠቅልልልኝ። ከፉርጎው በፊት እሷን ጫን። አንተም የመኪናው ጋቢና ገብተህ አብረሃት ና፤ ጨንቻ ላይ ከኔና ከኦይታ ጋር አንድ ገበታ ትቀመጣለህ። አደራህን፣ ለየትኛውም ቢሮ አትደውል።

ሎጁ በር ላይ ቆብ አድርጌ ፊሽካ ስነፋ ስታየኝ አትሳቅብኝ። እሷ ብትሆን ግን ሆዷን ይዛ ትስቅ ነበር።

መቃብሯን ስትጠብቅ የኖርክባቸውን ዓመታት እግዚአብሔር በልጆችህ ዕድሜ ላይ ይጨምርልህ። መንገዱን ያቅናላችሁ።

የጣቢያ ወንድምህ